የጦር መሣሪያ ግብርና የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች

አንድ መንግሥት በቀጥታ ለመከልከል ሥልጣን ያልተሰጠውን ነገር ግብር በመጣል ሊገታው ይችላልን? ይህ ጥያቄ የዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካን ዳኞች ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ለሕግ ተማሪም ሆነ አዋጅና ደንብ በእጁ ለሚያልፍ ወጣት ሹም የክርክሩን አካሄድ ማወቅ ሳይጠቅም አይቀርም። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1934 ነው። በዚያን ዘመን የወንበዴ ጓዶች በከተማ መንገድ ላይ በመትረየስ እየተታኮሱ ሕዝቡን አስጨንቀውት ስለ ነበር፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት መላ ፈለገ። በዚያ አገር ተራውን ወንጀል መቅጣት በመሠረቱ የየስቴቱ ሥልጣን እንጂ የማዕከላዊው መንግሥት አይደለም፤ ግብር የመጣልን ሥልጣን ግን ሕገ መንግሥቱ ለኮንግሬስ ሰጥቷል። ስለዚህ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሆመር ከሚንግስ መትረየስ ይከልከል በማለት ፈንታ ግብር ይከፈልበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መትረየስ፣ አፈ ሙዙ ያጠረ ጠመንጃና የተኩስ ድምፅ ማፈኛ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ 200 ዶላር እንዲከፈልበትና በመዝገብ እንዲገባ ታዘዘ። ሽጉጥም በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ነበረ፤ ተቃዋሚው ስለ በዛ ወጣ። 200 ዶላር በዚያን ጊዜ የአንድ መትረየስ ዋጋ ያህል ነበርና፣ ግብር የሚል ስም ይሰጠው እንጂ ዓላማው ምን እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

ክርክሩ ወዲያው መጣ። ነጋዴው ሶንዚንስኪ በየዓመቱ የሚከፈለውን 200 ዶላር የንግድ ግብር ሳይከፍል በመሸጡ ተፈርዶበት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ይህ ግብር ሳይሆን ንግዱን ለማጥፋት የታሰበ ቅጣት ነው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1937 ክርክሩን አልተቀበለውም። ዳኛ ስቶን በጻፉት ፍርድ፣ ማንኛውም ግብር በመጠኑ የሚገታው ነገር አለው፤ ግብሩ ገንዘብ እስካስገኘ ድረስ የኮንግሬስን የልብ አሳብ መመርመር የዳኛ ሥራ አይደለም ተባለ። ገንዘብ ማስገኘቱም በቁጥር ተጠቅሷል፦ በ1934 ሃያ ሰባት ነጋዴዎች፣ በ1935 ሃያ ሁለት ነጋዴዎች ከፍለው ነበር። ለዚያ ሰፊ አገር ይህ ምንኛ ትንሽ ቁጥር ነው!

በ1939 የታየው የሚለር ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም እንግዳ ነው። ሚለርና ጓደኛው አፈ ሙዙ የተቆረጠ የአደን ጠመንጃ ከኦክላሆማ ወደ አርካንሳስ ይዘው በመሻገራቸው ተከሰሱ። የበታቹ ፍርድ ቤት ሕጉ መሣሪያ የመያዝን መብት ይነካል ብሎ አሰናበታቸው። መንግሥት ይግባኝ ሲል በተከሳሾቹ በኩል የቀረበ ጠበቃ አልነበረም። ዳኞቹ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምተው ለመንግሥት ፈረዱ፤ ሚለርም ፍርዱ ሳይነገር በጥይት ተገድሎ ተገኘ።

መንግሥት የተረታበት ጊዜም አለ። በ1968 ሄይንስ የተባለ ሰው፣ ያለ ሕግ የያዝኩትን መሣሪያ አስመዝግብ ማለት ወንጀሌን በገዛ አፌ ልናዘዝ ማለት ነው ብሎ ተከራከረና ረታ። ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድምና። ኮንግሬስ በዚያው ዓመት የምዝገባውን ሥርዓት አሻሻለ፤ የተሻሻለውም በ1971 በፍርድ ቤት ጸና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልታሰበ ነገር ደረሰ። 200 ዶላሩ ዘጠና ዓመት ሙሉ ሳይጨመርና ሳይቀነስ ከቆየ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 2025 የተፈረመ ሕግ በድምፅ ማፈኛና አፈ ሙዙ ባጠረ ጠመንጃ ላይ የነበረውን ግብር ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ 0 ዶላር አደረገው። በመትረየስ ላይ ያለውን አልነካም። ምዝገባውንም እንዳለ ተወው። በዚያው ዓመት በቴክሳስና በሚዙሪ ክስ ተመሠረተ። የከሳሾቹ ክርክር አጭር ነው፦ ምዝገባው ሕጋዊ የሆነው ግብሩን ለማስከበር ከሆነ፣ ግብሩ ሲቀር የሚያስከብረው ምንድን ነው? በሌላው ወገን፣ ነጋዴዎችና ሠሪዎች የዓመቱን ግብር አሁንም ይከፍላሉ፤ ደግሞም ኮንግሬስ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን አለው ይባላል።

እንደ እኔ አስተያየት ሁለተኛው መልስ ከፊተኛው ይጠነክራል፤ የ1934ቱ ሰዎች ግን በዚያ ሥልጣን ላይ ሳይሆን በግብሩ ላይ ነበር ሕጋቸውን ያቆሙት። የክርክሩ ውጤት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ሕግ ያልተመዘገበ የድምፅ ማፈኛ የተገኘበት ሰው እስከ አሥር ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።