ፖስተሩ፣ ሁለቱ ላይብረሪያኖችና ማኅተሙ

በ1969 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ያካሄደው በኒው ጀርሲዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በአትላንቲክ ሲቲ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ከተገደሉ ገና ዓመት ከጥቂት ወራት ቢሆን ነው። አሳታሚዎችና መጽሐፍ ሻጮች ሥራቸውን በዘረጉበት አዳራሽ፣ ጆን ካሮል የተባሉ የመጽሐፍ ሰው ጠረጴዛ ላይ የኪንግ ፖስተር ነበር። ሁለት ሴቶች ፖስተሩን ሽተው መጡና እዚያው ተገናኙ። አንዷ ከኢንግልውድ፣ ኒው ጀርሲ የመጡት ግሊንደን ግሪር፣ ሌላዋ ከኒው ለንደን፣ ኮነቲከት የመጡት ሜብል ማኪሲክ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሁለቱም የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ነበሩ።

ጨዋታቸው ከፖስተሩ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያቸው ዞረ። በአሜሪካ የሕፃናት መጻሕፍት ዓለም ከሁሉ በላይ የሚከበሩት ሽልማቶች ሁለት ናቸው፤ ከ1922 ጀምሮ ለድርሰት የሚሰጠው ኒውቤሪና ከ1938 ጀምሮ ለሥዕል የሚሰጠው ካልዴኮት። አርና ቦንተምፕስ በ1949 ለኒውቤሪ ከታጩት የክብር መጻሕፍት መካከል ስማቸው ተጠርቷል። ሜዳሊያው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ለአንድም ጥቁር ደራሲ፣ ለአንድም ጥቁር ሠዓሊ አልደረሰም። ሁለቱ ሴቶች ይህን አንሥተው ሲቆጩ ካሮል ሰሟቸው። የራሳችሁን ሽልማት ለምን አታቋቁሙም ሲሉም ሐሳብ ጣሉላቸው።

ይህ ቁጭት ከየት እንደመጣ የሚገባው የላይብረሪያንን ሥራ በቅርብ ላየ ነው። የትምህርት ቤት ላይብረሪያን በጀቷ የተቆጠረ ነው፤ በዓመት የሚታተመውን ሁሉ አንብባ ልትመርጥ አትችልም። የምትገዛው የግምገማ መጽሔቶችን፣ የተመረጡ መጻሕፍት ዝርዝሮችንና ሽልማቶችን ይዛ ነው። ተሸላሚ መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ይገዛል፣ አሳታሚው ደግሞ ደጋግሞ ያትመዋል፣ መምህሩም ለክፍሉ ያነበዋል። ያልተሸለመው፣ ቢያምርም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ታትሞ ይቀራል። እናም ሜዳሊያ ሲቀር የሚቀረው ክብር ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው ነገር አብሮ ይቀራል። ያን የተዘረጋ እጅ በየቀኑ የምታየው ደግሞ ላይብረሪያኗ ናት። ሽልማቱ ከአሳታሚ ቢሮ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከሁለት የትምህርት ቤት ላይብረሪያኖች አእምሮ መፍለቁ ለእኔ አያስገርመኝም።

በዚያን ጊዜ መደርደሪያው ምን ይመስል እንደነበር በቁጥር የሚታወቅ ነው። ናንሲ ላሪክ የተባሉ የንባብ ትምህርት ምሁር በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ የ63 አሳታሚዎችን የሦስት ዓመት ሥራ ቆጥረው ነበር። ከ5,206 የሕፃናት መጻሕፍት ውስጥ አንድም ቢሆን ጥቁር ሰው የሚገኝባቸው 349 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 6.7 መሆኑ ነው። ከእነዚያም ከግማሽ የሚበልጡት ታሪካቸው ከአሜሪካ ውጭ ወይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሚፈጸም ነበር። በዘመኑ በአሜሪካ ከተማ የሚኖር፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ከወንድሙ ጋር የሚጣላ ጥቁር ልጅ ከመጽሐፉ ዓለም የለም ማለት ይቻል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የፌደራል የትምህርት ሕግ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግዣ የሚሆን ብዙ ገንዘብ ይዞ መጣ። ገንዘቡ ተገኘ፤ የሚገዛው መጽሐፍ ግን አልነበረም።

ግሪርና ማኪሲክ ከባዶ አልተነሡም። ሻርልሜይ ሮሊንስ በቺካጎ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የጥቁር ሕፃናትን ክብር የማይነኩ መጻሕፍትን እየመረጡ ዝርዝር ያዘጋጁ ነበር። ኦገስታ ቤከርም በ1937 በሃርለም የሕፃናት ላይብረሪያን ሆነው ሲቀጠሩ፣ መደርደሪያው ላይ ያገኙት ጥቁር ሰውን የሚያላግጥ ሥዕልና የተሰባበረ አነጋገር ስለነበር የራሳቸውን ስብስብ ገነቡ። በ1961 በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመላው የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ ሆኑ።

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ራሱስ? በ1936 በሪችመንድ፣ ቨርጂንያ ጉባኤ ሲጠራ ጥቁር አባላቱ ለብቻቸው እንዲቀመጡና በሆቴሉ ከሌሎች ጋር እንዳይመገቡ ተደርጓል። ከዚህ በኋላ ነው እንዲህ ያለ መድልዎ ባለበት ከተማ አልሰበሰብም ያለው። ሆኖም በደቡብ ያሉ አንዳንድ የክፍለ ግዛት ማኅበራት ጥቁሮችን አባል አድርገው ሳይቀበሉ ዓመታት አለፉ። ኢ. ጄ. ጆሲ የተባሉት ጥቁር ላይብረሪያን በ1964 ጉባኤው ፊት ቆመው የማኅበሩ ኃላፊዎች በእነዚያ ማኅበራት ስብሰባ እንዳይገኙ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአትላንቲክ ሲቲ ሲገናኙ ከዚያ ቀን አምስት ዓመት ብቻ አልፏል።

ሐሳቡ በወሬ አልቀረም። በግንቦት 1970 በኒው ጀርሲ ላይብረሪያኖች ጉባኤ ላይ በተደረገ እራት የመጀመሪያው የኮሬታ ስኮት ኪንግ ሽልማት ተሰጠ። ስያሜው የማርቲን ሉተር ኪንግን ሥራ የሚያስታውስ ነው፤ ባሏን ቀብራ ትግሉን የቀጠለችውን ሴት ጽናትም ያከብራል። ተሸላሚዋ ሊሊ ፓተርሰን ነበሩ፣ መጽሐፋቸው ደግሞ የኪንግ የሕይወት ታሪክ። እኔን የሚነካኝ ፓተርሰን ራሳቸው በባልቲሞር ትምህርት ቤቶች የሠሩ ላይብረሪያን መሆናቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሽልማቱን የወሰዱት ደግሞ ያው ሻርልሜይ ሮሊንስ ናቸው፤ ስለ ገጣሚው ላንግስተን ሂውዝ በጻፉት መጽሐፍ።

በ1972 የሽልማቱ ቁርስ በትልቁ ማኅበር ጉባኤ ስፍራ ተዘጋጀ፤ ማኅበሩ ግን ገና የእኔ ነው አላለውም። በ1974 ለሠዓሊዎችም ሽልማት ተጨመረና ጆርጅ ፎርድ ስለ ሬይ ቻርልስ በተጻፈ መጽሐፍ ሥዕሎቻቸው የመጀመሪያው ሆኑ። በዚያው ዓመት የአትላንታው ሠዓሊ ሌቭ ሚልስ በተሸላሚ መጻሕፍት ላይ የሚለጠፈውን ማኅተም ነደፉ። በክብ ውስጥ የሚያነብ ልጅ አለ፤ ከልጁ ሥር የአምስት ሃይማኖቶች ምልክት፣ ፒራሚድ፣ ከፒራሚዱ ጫፍ ርግብ። ግሪር ሽልማቱ የማኅበሩ ሙሉ አካል ሲሆን አላዩም። በ1980 አረፉ፤ ማኅበሩ በይፋ የተቀበለው በ1982 ነው።

ለጥቁር ደራስያን የተለየ ሽልማት ማቋቋም ዋናዎቹን ሜዳሊያዎች ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም ወይ የሚል ክርክር በዚያን ጊዜም ነበር፤ ዛሬም አልሞተም። ክርክሩን አልንቀውም። ግን የሆነውን ማየት ይሻላል። ቨርጂንያ ሃሚልተን ኒውቤሪን የወሰዱት በ1975 ነው፤ ሊዮ ዲለን ከባለቤታቸው ዳያን ጋር ካልዴኮትን የወሰዱት በ1976። በ2000 ክሪስቶፈር ፖል ከርቲስ በአንድ መጽሐፍ ኒውቤሪንም የኮሬታ ስኮት ኪንግንም አገኙ። የተለየው በር ትልቁን በር አልዘጋም። ደግሞ ያለዚህ ሽልማት ማንም የማይቆጥረው ነገር ተቆጥሯል። በ1985 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል ኃላፊ በሽልማቱ ዳኝነት ሲሳተፉ ለውድድር የሚበቁ መጻሕፍትን ፈልገው ነበር። በዚያ ዓመት ከታተሙት 2,500 ገደማ መጻሕፍት ውስጥ በጥቁር አሜሪካውያን የተጻፉ ወይም የተሣሉት 18 ብቻ ሆነው ተገኙ። ማዕከሉ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይቆጥራል፤ አሳታሚዎችም ቁጥሩን እያዩ ይጠየቃሉ።

ከዚህ ማኅተም ጋር እኛን የሚያገናኝ አንድ ክር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማጂ ያደጉት አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ፣ ሀብታም ሰው ከአንድ ድኻ ጋር በብርድ ተራራ ላይ ስለማደር የተወራረደበትን፣ ሁላችንም ከአያቶቻችን አፍ የሰማነውን ተረት ለሕፃናት ጽፈው በ1994 አሳተሙ። ሥዕሉን የሠሩት ኢ. ቢ. ሉዊስ ናቸው፤ የመጀመሪያ የሕፃናት መጽሐፋቸውም ነበር። እኚሁ ሠዓሊ በ2003 ስለ ጥቁሯ አውሮፕላን አብራሪ ቤሲ ኮልማን በተጻፈ መጽሐፍ የኮሬታ ስኮት ኪንግን የሠዓሊ ሽልማት ወሰዱ። በዚያ በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ እረኛ ልጅ ስስ ሸማውን ተከናንቦ፣ ከማዶ የሚነደውን እሳት እያየ፣ ተራራው ላይ ያነጋል።