የውሻ አሠልጣኝነት፦ ሙያውና ዋስትናው

ሰው ውሻን ማሠልጠን የጀመረው ከጥንት ነው፤ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በፖሊስና በጦር ሠራዊት ግቢ ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ሞስት በ1910 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ ለብዙ አሠልጣኞች መመሪያ ሆነ። በ1916 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን የሚመሩ ውሾች ማሠልጠኛ በኦልደንበርግ ተከፈተ፤ በ1929 በአሜሪካም «ዘ ሲይንግ አይ» የተባለው ተመሳሳይ ተቋም ተቋቋመ።

የዚያ ዘመን ዘዴ ውሻው ሲያጠፋ ገመዱን መንጨቅ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር ግን ሽልማት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደጋገም በቤተ ሙከራ አሳየ። ተማሪዎቹ የነበሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ይህን ዕውቀት ለእንስሳት ሥልጠና አዋሉት። ዶልፊን ያሠለጥኑ የነበሩት ካረን ፕራዮርም በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ወደ ውሻ ባለቤቶች አደረሱት። ዶልፊን በገመድ አይጎተትም፤ ካልፈለገ ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሠልጣኙ ትክክለኛዋን ቅጽበት በፉጨት ለይቶ ዓሣ መስጠትን ተማረ። ለውሻም በፉጨት ፋንታ ቀጭ የምትል ትንሽ መሣሪያ፣ በዓሣ ፋንታ ቁራሽ ሥጋ ተተካ።

ዛሬ ሙያው ብዙ ዘርፍ አለው፦ ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ ማነፍነፍ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ ዓይነ ሥውራንን መምራት፣ ቡችላን ከሰው ማላመድ፣ የፈሪና የተናካሽ ውሻን ጠባይ ማረም። በቤት ውስጥ ሥልጠና ትልቁ ተማሪ ባለቤቱ ነው። አሠልጣኙ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢመጣ ቀሪውን ጊዜ ከውሻው ጋር የሚኖረው ቤተሰቡ ነው፤ አባት «አትዝለል» ያለውን ውሻ ልጅ እየሣቀ ካቀፈው ትምህርቱ ይፈርሳል። ጥሩ አሠልጣኝ የራሱንም ወሰን ያውቃል፦ ጨዋ የነበረ ውሻ ድንገት መናከስ ከጀመረ ሕመም ሊኖርበት ይችላልና አስቀድሞ ወደ እንስሳት ሐኪም ይልከዋል።

ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሙያ በር ጠባቂ የለውም ማለት ይቻላል። በአሜሪካና በብሪታንያ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ «አሠልጣኝ ነኝ» ማለት ይችላል። በፈተና የሚገኝ የምስክር ወረቀት ቢኖርም በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው። ጀርመን ግን ከኦገስት 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለክፍያ የሚያሠለጥን ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ በሕግ አስገድዳለች፤ ዌልስም በ2010 በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያን አግዳለች።

መንገዱ ይህ መሆን አለበት። የተበደለ ደንበኛ ይከሳል፤ ውሻ ግን አቤት ማለት አይችልም። በፍርሃት ዝም ያለ ውሻ ለማያውቅ ሰው የታረመ ይመስላል፤ ስለዚህ የአሠልጣኙን ብቃት አስቀድሞ የመመርመር ኃላፊነት የሕግና የባለቤት ነው።