የራስ ቅል መክደኛ
አንጎል በደም መፍሰስ ወይም በእብጠት ሲጨነቅ ሐኪሞች የራስ ቅሉን ከፊል አንሥተው ቦታ ይለቁለታል፤ እብጠቱ ከጐደለ በኋላ ግን ያ ክፍት ስፍራ በምን ይከደን የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። የሆላንዳዊው ሐኪም የዮብ ቫን ሜክረን መጽሐፍ፥ በ1668 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመው፥ እንደሚተርከው፥ በሰይፍ የቈሰለ አንድ የመስኮብ መኰንን ራሱ በውሻ አጥንት ተጠግኖ ቢድንም፥ ቤተ ክርስቲያን ስላወገዘችው (ውግዘቱ ከቁስሉ ይልቅ ከፍቶበት መሆን አለበት) አጥንቱ እንዲወጣለት ለመነ። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው የሕመምተኛው የገዛ አጥንቱ ሲሆን፥ እስኪመለስ ድረስ በብርቱ ቅዝቃዜ ወይም በሆዱ ቆዳ ሥር ይጠበቃል፤ ነገር ግን በተለይ በሕፃናት ላይ እየመነመነ ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ ጽኑዕና ቀላል የሆነው ቲታኒየም፥ ወይም ርካሹ አክሪሊክ፥ እሱም ሲጠነክር ስለሚግል በውሃ እየቀዘቀዘ የሚበጀው፥ ወይም በኮምፒዩተር ሥዕል ልክ የሚቀረጸው ውድ ፕላስቲክ ፒክ ይተካዋል። ቁስሉ ካመረቀዘ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ይወጣሉ።