የመሐል ተከላካይ ወይስ የመሐል አጥቂ? የጆን ቻርልስ የእግር ኳስ ሕይወት

የትምህርት ቤት እግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን መምህር ሁሉ አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። ከተማሪዎቹ መካከል ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጉልበቱ የጠና፣ ኳስም የሚያውቅ አንድ ልጅ አለ እንበል። ልጁ ከኋላ ሲሰለፍ ከፊት ጎል የሚያገባ ይጠፋል፤ ከፊት ሲሰለፍ ደግሞ ኋላው ክፍት ይሆናል። ታዲያ የት ይሰለፍ? እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋምም ዕጩ መምህራኑ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ያነሡታል። ባነሡት ቁጥር የምነግራቸው የዌልሱን ተወላጅ የጆን ቻርልስን ታሪክ ነው። ታሪኩ ለጥያቄው መልስ ከመስጠቱም በላይ፣ ኳስ ተጫዋች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነው ወይስ የክለብ ንብረት ነው የሚለውን ከባድ ጉዳይ ይነካል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ቻርልስ ታኅሣሥ 27 ቀን 1931 በደቡብ ዌልስ በምትገኘው በስዋንሲ ከተማ ተወለደ። ስዋንሲ የወደብና የብረታ ብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። ከተማይቱ በዚያ ዘመን ያፈራቻቸውን ተጫዋቾች ብዛት ስናይ የሚያስገርም ነው። ዌልስ በ1958 ከብራዚል ጋር ለገጠመችበት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ካሰለፈቻቸው 11 ተጫዋቾች ውስጥ በረኛው ጃክ ኬልሲ፣ አይቮር ኦልቸርች፣ ክሊፍ ጆንስ፣ ቴሪ ሜድዊንና የጆን ታናሽ ወንድም ሜል ቻርልስ፣ አምስቱም የስዋንሲና የአካባቢዋ ልጆች ነበሩ። ጆን ራሱ በዚያ ቀን አልተሰለፈም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርቱን እንዳቆመ በከተማው ክለብ በሜዳ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ይህ በዚያን ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር፤ ልጁ የትልልቆቹን ጫማ እየጠረገና ሜዳውን እያጸዳ በጎን ኳስ ይማራል። ይሁን እንጂ ዕድሉን ያገኘው እዚያ አልነበረም። የሊድስ ዩናይትድ መልማዮች አይተውት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ወሰዱት፤ በ1949 የጸደይ ወራት ገና በ17 ዓመቱ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ለሊድስ ተሰለፈ። በመጋቢት 1950 ደግሞ ዌልስ ከሰሜን አየርላንድ ጋር ስትጫወት በ18 ዓመቱ የብሔራዊ ቡድን መለያ ለበሰ።

የተሰለፈው በመሐል ተከላካይነት ነበር። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቡድኖች ከኋላ ሦስት ተከላካዮችን ብቻ ያሰልፉ ነበር። መካከለኛው ሥራው አንድና ግልጽ ነው፤ የባላጋራን የመሐል አጥቂ እንደ ጥላ መከተልና ከአየር የሚመጣውን ኳስ ማስወገድ። ከ1 ሜትር ከ85 በላይ ቁመት የነበረው ቻርልስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

የሊድስ አሠልጣኝ ሻለቃ ፍራንክ በክሊ ግን በ1952 መገባደጃ ላይ ቡድናቸው ጎል ማግባት ሲያቅተው ወጣቱን ተከላካይ ወደ ፊት ገፉት። ውጤቱ ብዙ አላስጠበቀም። በ1953-54 የውድድር ዘመን ቻርልስ በሊጉ ብቻ 42 ጎል አገባ። ይህ የሊድስ ክለብ የአንድ ዘመን የሊግ ጎል ክብረ ወሰን ነው። እንዲህ ያለ አጥቂ ማን ወደ ኋላ ይመልሰዋል? ነገር ግን ጎል የሚገባበትም በዝቶ ስለነበር በክሊን የተኩት ሬይች ካርተር መልሰው ተከላካይ አደረጉት፤ ኋላም እንደገና ወደ ፊት ላኩት። በ1955-56 ሊድስ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ሲያልፍ 29 ጎል የእርሱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከታላላቆቹ ክለቦች ጋር ሲጋጠም ደግሞ 38 ጎል አግብቶ የዲቪዚዮኑ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ምክንያቱን ብንመረምር ለሥራችን ይጠቅመናል። ሁለቱ ቦታዎች በሜዳው ጫፍና ጫፍ ቢሆኑም የሚጠይቁት ችሎታ አንድ ነው። ተከላካዩ ከክንፍ የሚሻገረው ኳስ የት እንደሚወድቅ ከአጥቂው ቀድሞ መገመት አለበት፤ አጥቂውም እንዲሁ ከተከላካዩ ቀድሞ መገመት አለበት። ለሦስት ዓመት ያህል ይህን ግምት ከኋላ ሲለማመድ የቆየ ልጅ ወደ ፊት ሲሄድ የተከላካዩን ሐሳብ ያውቀዋል። በቴስታ የሚመታ ተማሪም ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በዝላዩ ቁመት ሳይሆን በዝላዩ ሰዓት ነው። ኳሱን ቆሞ ይጠብቅና ዘግይቶ ይነሣል፤ ወይም ቸኩሎ ተነሥቶ ኳሱ ሲደርስ እርሱ እየወረደ ነው። የቻርልስ ታላቅነት ይነገርለት የነበረው ከፍ ባለበት ቅጽበት ኳሱን በማግኘቱ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ተማሪያችንን ገና በ14 ዓመቱ «አንተ ተከላካይ ነህ» ብለን ማሰር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንግባ። በእንግሊዝ ከ1901 ጀምሮ ለተጫዋች የሚከፈል የደመወዝ ጣሪያ ተወስኖ ነበር። ሲጀመር በሳምንት 4 ፓውንድ የነበረው ጣሪያ ቀስ እያለ ከፍ ብሎ በ1957 ገና 17 ፓውንድ ላይ ነበር። 38 ጎል ያገባውም ሆነ አንድም ያላገባው ከዚህ በላይ አያገኝም። ከዚህ የባሰም ነገር ነበር። የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም ክለቡ ስሙን በመዝገቡ ይዞ የማቆየት መብት ነበረው። ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ቦታ ሄዶ መጫወት አይችልም። እኛ መምህራን ዝውውር የሚለውን ቃል ስንሰማ ጠያቂው ሠራተኛው፣ ፈቃጁ መሥሪያ ቤቱ እንደሆነ እናውቃለን። በእንግሊዝ እግር ኳስ ግን ጠያቂውም ፈቃጁም ክለቡ፣ ገንዘቡንም የሚቀበለው ክለቡ ነበር።

በመስከረም 1956 የሊድስ ሜዳ የምዕራብ ትሪቡን ተቃጠለ። ክለቡ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ቸገረው። በ1957 የኢጣልያው ጁቬንቱስ 65,000 ፓውንድ አቅርቦ ቻርልስን ገዛው። ለአንድ እንግሊዝ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ያን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ከፍተኛ ዋጋ ከዚህ በጣም የሚያንስ ነበር። ለተጫዋቹ ለራሱ ደግሞ ለፊርማው 10,000 ፓውንድ ተሰጠው። በእንግሊዝ ደንብ ለፊርማ የሚፈቀደው 10 ፓውንድ ብቻ ነበር። የሒሳብ መምህራን ለክፍላቸው ሊሰጡት ይችላሉ፤ በሳምንት 17 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው 10,000 ፓውንድ ለማግኘት ስንት ዓመት መሥራት አለበት? መልሱ ከ11 ዓመት በላይ ነው፤ ይህም ሳይበላና ሳይጠጣ ነው።

ጁቬንቱስ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ዘጠነኛ የወጣ ቡድን ነበር። ወጣቱ ፕሬዚዳንት ኡምቤርቶ አኜሊ ቻርልስን ከዌልስ፣ ኦማር ሲቮሪን ከአርጀንቲና አምጥተው ከነባሩ አምበል ከጃምፒዬሮ ቦኒፔርቲ ጋር አቀናጇቸው። ሲቮሪ አጭር፣ ካልሲውን ቁልቁል የሚለቅ፣ ቁጡና ተንኮለኛ ነበር፤ ቻርልስ ግዙፍና ረጋ ያለ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ። የኢጣልያ ቡድኖች መከላከልን እንደ ሙያ በያዙበትና ጎል በተወደደበት በዚያ ጊዜ ቻርልስ በመጀመሪያ ዓመቱ 28 ጎል አግብቶ የሊጉ ቀዳሚ ጎል አግቢ ሆነ፤ ጁቬንቱስም የ1957-58 ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ለክለቡ አሥረኛው ሻምፒዮንነት ስለነበር በመለያው ላይ የወርቅ ኮከብ አደረገ፤ ዛሬ በብዙ አገር ቡድኖች መለያ ላይ የምናየው የኮከብ ልማድ መነሻው ይኸው ነው። በ1960ና በ1961ም ሊጉን ወሰዱ፤ የኢጣልያን ዋንጫ ደግሞ ሁለት ጊዜ። በ1959 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ምርጫ ቻርልስ ከዲ ስቴፋኖና ከኮፓ ቀጥሎ ሦስተኛ ወጣ። ቡድኑ ሲመራ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቀድሞ ቦታው ወደ ኋላ ተመልሶ የሠራውን ውጤት ራሱ ይጠብቅ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ እኛ በግንባር የተመታን ኳስ «ቴስታ»፣ እርግጫን «ካልቾ» የምንለው ከኢጣልያንኛ በተወረሰ ቃል ነው። ቴስታ ማለት ራስ ነው፤ ካልቾ ማለት እርግጫ ሲሆን ኢጣልያኖች የእግር ኳስን ጨዋታ ራሱን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ደጋፊዎች ቻርልስን «ደጉ ግዙፍ» ብለው ሰየሙት። እንደዚያ ያለ ጉልበት ይዞ በረጅሙ የሙያ ዘመኑ ከሜዳ አልተባረረም፤ በዳኛም አልተቀጣም። ከቶሪኖ ጋር በተደረገ የከተማ ግጥሚያ ተከላካዩ በግጭት ወድቆ ከበረኛው ጋር ብቻውን ሲቀር ጎሉን ትቶ ሰውየው እንዲታከም ኳሱን ወደ ውጭ እንዳወጣው ይተረካል። ለክፍል ተማሪ ይህን ከመንገር ይልቅ ስለ ጨዋነት ረጅም ንግግር ማድረግ ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም።

ይህ ደግነቱ ግን በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ብዙ አስከፍሎታል። ዌልስ ለዚህ ውድድር ያለፈችበት መንገድ እኛንም በሩቁ የሚነካ ነው። በአፍሪካና በእስያ ምድብ ቱርክ፣ ኢንዶኔዥያና ግብፅ በየምክንያታቸው ወጡ፤ ሶርያን አሸንፋ እስከ መጨረሻው የደረሰችው ጎረቤታችን ሱዳንም ከእስራኤል ጋር አልጫወትም አለች። የኢትዮጵያ የተሳትፎ ጥያቄ ደግሞ ቀድሞውኑ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። እስራኤል አንድም ሳትጫወት እንዳታልፍ ፊፋ በየምድባቸው ሁለተኛ ከወጡት አገሮች መካከል በዕጣ ተጋጣሚ ፈለገ፤ ዕጣውም ለዌልስ ደረሰ። ዌልስ በራማት ጋንም በካርዲፍም 2 ለ 0 አሸነፈች። የካርዲፉ ጨዋታ የካቲት 5 ቀን ሲሆን፣ በማግሥቱ የማንቸስተር ዩናይትድ አውሮፕላን በሙኒክ ተከሰከሰ። የዌልስ አሠልጣኝ ጂሚ መርፊ የማንቸስተር ምክትል አሠልጣኝም ነበሩ። በሕይወት የተረፉት ለዚሁ ጨዋታ ካርዲፍ በመቅረታቸው ነው።

በስዊድን ዌልስ ከሀንጋሪ ጋር 1 ለ 1 ስትወጣ አቻ ያደረጋት ቻርልስ በቴስታ ነው። ከሜክሲኮና ከስዊድንም ጋር አቻ ወጣች። ከሀንጋሪ ጋር እኩል ነጥብ ስለነበራቸው ሰኔ 17 ቀን እንደገና ተጋጠሙ። የሀንጋሪ ተከላካዮች ቻርልስን ሲረግጡት ዋሉ፤ እርሱ ግን አልመለሰም፤ በተጫዋች መቀየር የማይፈቀድበት ዘመን ስለነበርም ተጎድቶ እያነከሰ ቆየ። ዌልስ 2 ለ 1 አሸነፈች። ከሁለት ቀን በኋላ በጎተንበርግ ከብራዚል ጋር ስትጫወት ግን ቻርልስ ከሜዳ ውጭ ነበር። የዌልስ ተከላካዮች እስከ 66ኛው ደቂቃ ቆዩ፤ ያን ጊዜ ፔሌ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጎሉን አስቆጠረ፤ ጨዋታውም 1 ለ 0 አለቀ። ዌልስ እንደገና ለዓለም ዋንጫ የበቃችው ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው። ቻርልስ ቢሰለፍ ኖሮ የሚለውን ክርክር የዌልስ ሰዎች አልተዉትም፤ እኔም ብሆን አልተወውም ነበር።

እርሱ በኢጣልያ ሳለ በእንግሊዝ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው አማካይነት የሥራ ማቆም አድማ እንመታለን ብለው በጥር 1961 የደመወዝ ጣሪያውን አስነሡ። በ1963 ደግሞ ጆርጅ ኢስተም የተባለ ተጫዋች ክለቡን ከስሶ ያ ውል ያለቀበትን ሰው አስሮ የማቆየት ሥርዓት ሠርቶ የመኖር መብትን ያለ አግባብ የሚገድብ መሆኑን ፍርድ ቤት ወሰነ። ቻርልስ ጥቅሙን ለማግኘት አገር መልቀቅ ነበረበት፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን እዚያው አገራቸው አገኙት።

በ1962 ወደ ሊድስ ተመለሰ፤ ነገር ግን 11 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ ለሮማ ተሸጠ። ሮማም አልቆየም። በካርዲፍ ሲቲ፣ ከዚያም ከሊጉ ውጭ በነበረው በሄርፎርድ ተጫዋችና አሠልጣኝ ሆኖ እስከ 1971 ሠራ። ለዌልስ በ38 ጨዋታ 15 ጎል አግብቷል። ከኳስ በኋላ የጀመረው ንግድ አልሰመረለትም፤ ለሌላው ባለጸጋ የሚያደርግ ገንዘብ በእጁ አልቆየም። በ1997 የጁቬንቱስ ደጋፊዎች ከውጭ አገር ከመጡት የክለቡ ተጫዋቾች ሁሉ እርሱን አንደኛ ብለው መረጡት። የካቲት 21 ቀን 2004 ዐረፈ። በዚያው ዓመት ሊድስ ዩናይትድ ከቃጠሎው በኋላ፣ እርሱን በሸጠበት ዘመን መልሶ የሠራውን የምዕራብ ትሪቡን በጆን ቻርልስ ስም ሰየመው።