ካልሞላ የማይነሳ ጽሑፍ፤ ስለ ፕሮግራም ውጤት ማቆያ አጭር ማብራሪያ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ትእዛዝ «ይህን ቃል አሳይ» የሚለው ነው። ይኸው ትእዛዝ በሲ ቋንቋ ፕሪንትኤፍ፣ በፓይተን ደግሞ ፕሪንት ይባላል። ከትእዛዞች ሁሉ ቀላሉ መስሎ ስለሚታይ አስተማሪውም ብዙ አያብራራውም፣ ተማሪውም አይጠይቅበትም። ነገር ግን ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ይገጥመዋል፤ ይኸውም ፕሮግራሙ እየሠራ፣ ትእዛዙም ተፈጽሞ ሳለ ጽሑፉ የትም አለመታየቱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሁሉም ባንድነት ግር ብሎ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከነጭራሹ ሳይመጣ ይቀራል። ይህች ጽሑፍ የምታስረዳው የዚህን ነገር ምክንያትና መፍትሔውን ነው።

በመካነ ሰላም መናኸሪያ ወደ ደሴ ለመሄድ የቆመ መኪና ሕጉ አንድ ነው፤ ካልሞላ አይነሳም። በማለዳ መጥቶ መጀመሪያ የተሳፈረው ሰው ወንበሩን ይዟል፣ ዕቃውም ከላይ ተጭኗል፤ በእርሱ በኩል ጉዳዩ አልቋል። ደሴ ላይ የሚጠብቀው ወንድሙ ግን እስካሁን ያየው ነገር የለም። በዚህ ሾፌሩን ልንወቅሰው አይገባም፤ ለያንዳንዱ መንገደኛ አንድ አንድ ጊዜ ልመላለስ ቢል ነዳጁም ቀኑም አይበቃውም። ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ፕሪንትኤፍ የተሰጠውን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ተርሚናሉ ወይም ወደ ፋይሉ አይወስደውም። መጀመሪያ የሚያኖረው በፕሮግራሙ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ በተከለለ ማቆያ ነው፤ የሞያው ሰዎች ይህንን ማቆያ ባፈር ይሉታል። ከዚያ አውጥቶ ወደ ውጭ የሚያደርሰው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ፕሮግራሙ ከርነሉን አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር የራሱን ሥራ አቁሞ ቦታውን ለከርነሉ መልቀቅ፣ ኋላም ተመልሶ መቀጠል አለበት፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። አንድ ሚሊዮን ባይት ያለው ጽሑፍ ባይት በባይት ቢላክ አንድ ሚሊዮን ጥያቄ ያስፈልገዋል። 4096 ባይት በሚይዝ ማቆያ እየተጠራቀመ ቢላክ ግን 245 ጥያቄ ይበቃዋል። ማቆያው የተፈጠረው ስለዚህ ነው፤ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ያለ እርሱ ብዙ ፕሮግራሞች እጅግ በተንቀረፈፉ ነበር።

ማቆያው መቼ ይራገፋል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሙሉ ማቆያ የሚባለው ሞልቶ ካልተትረፈረፈ የማይነሳው ነው። የመስመር ማቆያ የሚባለው ደግሞ የአዲስ መስመር ምልክት በመጣ ቁጥር ያለውን ይዞ ይነሳል። ሦስተኛው አንዳችም ነገር ሳያቆይ እንደ መጣ የሚልክ ነው። አስገራሚው ነገር ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የጸደቀው የሲ ቋንቋ ደረጃ እንደሚያዝዘው፣ ተራው የውጤት መስመር ሙሉ ማቆያ የሚይዘው ጽሑፉ የሚሄድበት ቦታ ሰው የሚነጋገርበት መሣሪያ አለመሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ ይህ በተግባር ሲተረጎም፣ ጽሑፉ ወደ ተርሚናል ከሄደ በየመስመሩ ይወጣል፤ ወደ ፋይል ወይም በቧንቧ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከሄደ ግን እስኪሞላ ይጠብቃል። ፓይተንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የስህተት መግለጫ የሚሄድበት ስታንዳርድ ኤረር የተባለው መስመር ግን በሲ አይቆይም፣ ወዲያው ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ፣ ያው ፕሮግራም በተርሚናል ሲሮጥ አንድ ጠባይ፣ ወደ ፋይል ሲመራ ሌላ ጠባይ ያሳያል ማለት ነው። ችግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ይህንን ለማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቃል ከአዲስ መስመር ምልክት ጋር ጽፎ አሥር ሰከንድ የሚተኛ ፕሮግራም ይሥራና አንድ ጊዜ በተርሚናል፣ አንድ ጊዜ ወደ ፋይል መርቶ ያስኪደው። ፕሮግራሙ በተኛበት ጊዜ ፋይሉን በሌላ መስኮት ቢከፍተው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

ተርሚናል ላይም ቢሆን ችግሩ ፈጽሞ አይጠፋም። የሥራውን መራመድ ለማሳየት ነጥብ በነጥብ የሚያትም ፕሮግራም የአዲስ መስመር ምልክት ስለማይልክ ነጥቦቹ ሥራው እስኪያልቅ ተደብቀው ይቆያሉ። በዊንዶውስ ላይ በኢክሊፕስ ሲን ለሚማሩ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከታች ያለው ኮንሶል የሚባለው ሰሌዳ ተርሚናል ይምሰል እንጂ ለፕሮግራሙ ተራ ቧንቧ ነው፤ ስለዚህ «ቁጥር አስገባ» የሚለው ጥያቄ ሳይታይ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ መልስ ይጠብቃል። ተማሪውም ተሰናክሏል ብሎ ይዘጋዋል።

እስካሁን የተነገረው መዘግየትን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ሰው ሊያልፈው ይችላል። መጥፋት ግን ሌላ ነው። እዚህ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ልንሠራው የምንችለውን አንድ ጥናት እናስብ። ውርጭ የገበሬውን ገብስ የሚመታበትን ሌሊት ለማወቅ፣ ከሙቀት መለኪያ ጋር የተያያዘች ትንሽ ኮምፒዩተር ከቦረና ከፍተኛ ቦታ በአንዱ ተቀምጣ በየአሥር ደቂቃው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሙቀቱን በአንድ መስመር ታትማለች እንበል። የምታትመውም ወደ ፋይል ይመራል። አንዱ መስመር ከነምልክቱ 32 ባይት ቢሆን፣ 4096 ባይት የሚይዘው ማቆያ የሚሞላው በ128 መስመር ነው፤ ይኸውም 1280 ደቂቃ፣ ወይም 21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። ማቆያው 8192 ባይት ቢሆን ደግሞ 42 ሰዓት ከ40 ደቂቃ።

መሣሪያው ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ሥራ ጀመረ እንበል። ቀኑ አለፈ፣ መሸ፣ ብርዱም በረታ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ማለት ውርጩ በሚበረታበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። እስከዚያ ድረስ የተለካው 126 ጊዜ ያህል ነው፤ ባይቱም 4032 ነው። ማቆያው ገና አልሞላም። ስለሆነም ጧት ፋይሉን የሚከፍተው ተማሪ የሚያገኘው ባዶ ወረቀት ነው፤ መለኪያው ግን አንድም ጊዜ ሥራውን አላቋረጠም። ነገሩን ያላወቀ ሰው ሽቦው ተነቅሏል ወይም መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ዕቃ ሊያዝ ይችላል። የአንድ ሌሊት ውርጭ ደግሞ እንደገና ይለካ ዘንድ አይመለስም።

ለዚህ ጉዳይ መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው። በሲ ከፕሪንትኤፍ ቀጥሎ ኤፍፍላሽ የተባለውን ትእዛዝ መጻፍ፣ በፓይተንም በፕሪንቱ ቅንፍ ውስጥ ፍላሽ የሚለውን እውነት ማድረግ ነው፤ ይህ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ይሠራል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ መምሪያዎችም ሳይጠቅሱት ያልፋሉ። ፍላሽ ጽሑፉን የሚያደርሰው ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ወደ ከርነሉ ሜሞሪ ነው እንጂ እስከ ዲስኩ አይደለም። ፕሮግራሙ ብቻ ቢሞት ጽሑፉ ይተርፋል፣ ምክንያቱም ከርነሉ በሕይወት አለ። መብራት ቢጠፋ ግን ከርነሉም አብሮ ይጠፋል። ሊኑክስ እንደ ተሠራ ሳይነካ ከተተወ፣ የተጻፈ ነገር 30 ሰከንድ ያህል በሜሞሪ ቆይቶ ወደ ዲስክ ለመሄድ ተራው ይደርሳል። ይህንንም መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ከፍላሹ በኋላ ኤፍሲንክ የተባለውን ጥያቄ ማቅረብ አለበት። መኪናው ከመናኸሪያ ወጣ ማለት ደሴ ገባ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የመጥፋት ዓይነት በጀማሪዎች ዘንድ የበለጠ ድካም ያመጣል። ስህተት የሚፈልግ ተማሪ ልማዱ በየቦታው ፕሪንትኤፍ እየተከለ «አንደኛው ክፍል አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ» እያሰኘ መሄድ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ በሦስተኛው ክፍል ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ በድንገት ይገደላል። በድንገት የተገደለ ፕሮግራም ማቆያውን ለማራገፍ ጊዜ አያገኝም። ውጤቱ ወደ ፋይል ይሄድ ከነበረ በፋይሉ አንድም ምስክር የለም፤ ተማሪውም ስህተቱ ከአንደኛው ክፍል በፊት ነው ብሎ ደምድሞ ደኅና የሆነውን የፕሮግራሙን ክፍል ሲመረምር ይውላል። በእኔ አስተያየት ለምርመራ የሚሆን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ስታንዳርድ ኤረር ቢላክ ይሻላል፤ መስመሩ የተሠራው ለዚህ ነውና። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ፋይል ሲገናኙ ግን ቅደም ተከተላቸው ሊዛባ እንደሚችል፣ ማለት የስህተቱ መግለጫ ቀድሞት ከተጻፈው ውጤት በላይ ሊቀመጥ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ሰው ራሱ ፕሮግራሙን ሲያቋርጠውም ቋንቋዎቹ ይለያያሉ። ኮንትሮልንና የሲ ፊደልን ባንድነት በመጫን የተቋረጠ የሲ ፕሮግራም፣ ጸሐፊው አስቀድሞ ካላሰናዳው በቀር፣ ማቆያውን ሳያራግፍ ይሞታል። ፓይተን ግን መቋረጡን እንደ ስህተት ተቀብሎ በሥርዓት ስለሚወጣ የያዘውን አራግፎ ይሄዳል።

በፊደላችን ለሚጽፉ ሰዎች የሚጨመር አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የገባ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «መካነ ሰላም» የሚለው ስም ከነክፍት ቦታው 19 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍ 12 ይሆን ነበር። ማቆያው የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። 4096 ለሦስት ሲካፈል 1365 ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ስለዚህ ፊደል ብቻ በተከታታይ ቢጻፍ፣ 1366ኛው ፊደል ከሦስት ባይቱ አንዱ ተሳፍሮ ሁለቱ ለሚቀጥለው መኪና ይቀራሉ። ፕሮግራሙ በዚህ መካከል ቢገደል በፋይሉ መጨረሻ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ያለበት እንግዳ ቅርጽ ነው። ይህን ያየ ሰው ፎንቱን ከመውቀሱ በፊት የፋይሉን ልክ በባይት ይመልከት፤ ልኩ ለ4096 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ማቆያውን መጠርጠር ይገባዋል።

ጽሑፍ ከመጥፋት ይልቅ እጥፍ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። በዩኒክስ ስርዓቶች ፎርክ የሚባለው ጥሪ ፕሮግራሙን ከነሜሞሪው ሁለት ያደርገዋል። ማቆያው ሳይራገፍ ከተጠራ ልጁም ወላጁም የዚያኑ ጽሑፍ ቅጂ ይይዛሉ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ሲወጡ ያራግፉታል። አንዴ የታዘዘው ቃል በተርሚናል አንድ ጊዜ፣ በፋይል ሁለት ጊዜ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከፎርክ በፊት ማራገፍ ይበቃል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ከያንዳንዱ መስመር በኋላ ፍላሽ ልጻፍ ሊል ይችላል፤ ያም ትክክል አይደለም። በሲ ፕላስ ፕላስ አዲስ መስመር ለመጀመር ኤንድኤል መጻፍ የለመዱ ተማሪዎች ሳያውቁት በየመስመሩ ያራግፋሉ፤ ሚሊዮን መስመር ወደ ፋይል በሚጽፍ ፕሮግራም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ጊዜ ለምትጽፈው የሙቀት መለኪያ ግን ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ የሚጠየቀው፣ አሁን መብራት ቢጠፋ ስንት መስመር ብናጣ እንታገሣለን የሚለው ነው።

ፕሮግራሙን ራሱን መለወጥ ለማይችል ሰው ከውጭ የሚደረግ ነገርም አለ። የፓይተንን ፕሮግራም ሰረዝና ዩ የሚለውን ምልክት ጨምሮ ማስነሳት ማቆየቱን ያስቀራል። በሲ ለተጻፉት ኤስ ቲ ዲ ባፍ የተባለው የሊኑክስ መሣሪያ ሙሉ ማቆያውን ወደ መስመር ማቆያ ይለውጣል፤ ነገር ግን የሲን ቤተ መጻሕፍት ማቆያ ለማይጠቀም ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ለፓይተን 3፣ ምንም አይሠራም። የኢክሊፕሱ ችግር በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ሴትቪባፍ በተባለው ትእዛዝ ማቆያውን በማስቀረት ይወገዳል። ብዙ ፕሮግራሞች በቧንቧ በተቀጣጠሉ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማቆያ ስላላቸው የመጀመሪያውን ብቻ ማስተካከል አይበቃም፤ በመካከል ግሬፕ ካለ እርሱም ላይን ባፈርድ የሚለው ምርጫ ሊሰጠው ይገባል። የቱ ጋ እንደተያዘ ለመለየት ኤስትሬስ የተባለውን መሣሪያ ማስነሳትና ፕሮግራሙ ከርነሉን «ጻፍልኝ» ያለበትን ጊዜ ማየት ነው። ጥያቄው ካልታየ ጽሑፉ ገና በፕሮግራሙ ማቆያ ውስጥ ነው፤ ጥያቄው ታይቶ ጽሑፉ ካልተገኘ ግን ፍለጋው ከቧንቧው ወዲያ ማዶ ይጀመራል።