ስለ ግሪሳ ወፍ ጠባይና ስለ መከላከያው ለቆላ ወረዳ ሹማምት የተሰጠ ማስገንዘቢያ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በጎብዬና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ማሽላ የሕዝቡ ዋና እህል ነው። ማሽላው እሸት ኾኖ ፍሬው ወተት በቋጠረ ጊዜ ግን ግሪሳ ወፍ በመንጋ ይወርድበታል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ምሽት በወንጭፍና በጩኸት ቢከላከሉም፥ መንጋው ካንዱ ማሳ ተነሥቶ በጎረቤቱ ያርፋል እንጂ አገር አይለቅም። ስለዚህ የወፉን ጠባይ ማወቅ ለሹም ኹሉ ያስፈልጋል።

ግሪሳ ከሸማኔ ወፎች ወገን ነው። ክብደቱ ከ20 ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ምንቃሩ ቀይ ነው፤ የወንዱም ፊት በመራቢያው ወራት ብዙውን ጊዜ ይጠቍራል። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ቢያጠፋ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚሁ ሒሳብ አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በቀን 100 ኩንታል ያጠፋል።

አስቀድሞ የሚፈልገው የዱር ሣር ፍሬ ነው። ዝናም በጣለ ጊዜ በመሬት ላይ የነበረው ፍሬ ስለሚበቅል ምግብ ያጣል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ዘንቦ አዲስ ሣር ወዳፈራበት አገር ይፈልሳል። በዚያም በእሾኻም ግራር ላይ በብዙ ሺሕ እየኾነ ይሰፍራል። ወንዱ በለምለም ሣር ጎጆውን በ2 ወይም በ3 ቀን ይሸምናል፤ ሴቲቱም አብዛኛውን ጊዜ 3 ዕንቍላል ትጥላለች። ዕንቍላሉ ከ10 እስከ 12 ቀን ታቅፎ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም በ2 ሳምንት ገደማ ይበራሉ። እንግዲህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰፈሩ ባዶ ይቀራል፤ መንጋውም በልጆቹ በዝቶ ይሄዳል።

ከዚህ የምንረዳው ግሪሳን በማሳ ላይ ሳይኾን በማደሪያው ማግኘት እንደሚሻል ነው። ስለዚህ የወረዳው ሹም ማሽላው እሸት ሳይኾን እረኞችን ይጠይቅ፤ ወፉ የሚያድርበትን ግራርና የፊላ ረግረግ እነርሱ ያውቃሉና። የተገኘውንም ስፍራ ስሙን፥ ስፋቱንና የተገኘበትን ቀን ጽፎ ሳይዘገይ ለእርሻ መሥሪያ ቤት ያስታውቅ። ደግሞም በየመንደሩ ዛፍ ላይ ጎጆ የሚያንጠለጥሉት ቢጫዎቹ ሸማኔ ወፎች ግሪሳ አይደሉምና በስሕተት እንዳይጠፉ ይጠንቀቅ።

የመድኃኒት ርጭት የባለሙያ ሥራ ነው፤ የሚረጨውም ወፉ ለማደር በተሰበሰበበት በምሽት ነው። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ ግሪሳንም በአውሮፕላን ርጭት ሲከላከል ቆይቷል። መድኃኒቱ ግን ጭልፊትንና ሌላውንም ፍጥረት ይጐዳል፤ ስለዚህ ሰውና ከብት ከስፍራው እንዲርቁ፥ የሞተውንም ወፍ ማንም እንዳይበላ በአዋጅ ማስነገር ያሻል።

ገበሬዎችም ተስማምተው ባንድ ወቅት ይዝሩ፤ ብቻውን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚያፈራ ማሳ የመንጋው ኹሉ ሲሳይ ይኾናልና። ማሽላው ከተበላ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ጎተራ አይሞላም፤ በጊዜው የደረሰ ወሬ ግን የገበሬውን እህል ያድናል፥ ልጁንም ከማማው አውርዶ ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳል።