የላክነው ኢሜይል ለምን ይመለስብናል?



የምረቃ ጊዜ ሲቃረብ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ያለን ብዙዎቻችን ለነፃ የትምህርት ዕድልና ለሥራ በኢሜይል እናመለክታለን። ደርሶልናል ብለን ስንጠብቅ አንዳንዴ መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል። ቀኑ ካለፈ ዕድሉም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅመናል።

የተቀባዩ ሰርቨር ጽሑፋችንን ከማየቱ በፊት «ላኪው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናዱን፣ ማለትም የዘጋቢዎቹን ሰንሰለት እንደሚመረምሩት ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው መዝገብ በአንድ ተቋም ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም ደግሞ መልእክቱ በመንገድ ላይ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል ለሚልኩ ሁለቱንም ግዴታ አድርጓል።

ቀጥሎ የሰርቨሩ ስም ይታያል። ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር አንዱ እስፓም ቢበትን፣ ሰርቨሩ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ድርጅቶች የጥቁር መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ ምንም ያላጠፋውም ሰው መልእክት ይመለሳል። በመጨረሻ ይዘቱ ይመረመራል፤ ያጠረ ሊንክና አጠራጣሪ ፋይል ጥርጣሬ ይጨምራሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በተመለሰው መልእክት ላይ ያለውን ቁጥር እናንብብ። በ4 ከጀመረ ችግሩ ጊዜያዊ ነው፤ የእኛ ሰርቨር ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 550 ከሆነ፣ ያንኑ ደግሞ መላክ አይጠቅምም። አድራሻውን ፊደል በፊደል እናጣራ፤ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ምክንያትም እንይ።

ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ የምንጠቀም ከሆነ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አገልግሎት እንላክ። በሌላ ድረ ገጽ በኩል ከላክነው አስመሳይ ልንመስል እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ማስረጃዎቻችንን በፒዲኤፍ እናያይዝ። ቀኑ ከመድረሱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለን እንላክ፤ የእስፓም ሳጥናችንንም እንፈትሽ፣ መልሱ እዚያ ወድቆ ሊሆን ይችላልና።

አንድ አደራ አለን። የጀመዓ ማስታወቂያ ሲበዛባችሁ «እስፓም» የሚለውን አትጫኑ፤ ከዝርዝሩ እንድናወጣችሁ ንገሩን። እያንዳንዱ ጫና የአድራሻችንን ስም ያጎድፋል፤ ነገ የኢፍጣር ወይም የደርስ ጥሪ ለሌላው ወንድም ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

አላህ ሥራችንን ያግራልን። ወላሁ አዕለም።